ታድግበታለች

ልጅ ሳለሁ ለዓመት በዓል የሚገዛልኝ ጫማ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ይተልቅ ነበር። እናቴ ጫፉ ላይ ጋዜጣ ትጠቀጥቅና "እስቲ ተራመጂ" ትለኛለች። እየጎተትኩ እራመዳለሁ። "ታድግበታለች" ትለዋለች ባለሱቁን። እሱም ራሱን ይነቀንቃል፣ ሒሳብ ይከፈላል፣ ወደ ቤት እንሄዳለን። ጫማው ልኬ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ ሶሉ ሊያልቅ ሲል ነበር።

ያንን ልማድ ይዤው ነው አሜሪካ የገባሁት። እዚህ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ውስጥ ሁለት ልጆች ሳሳድግ ጃኬቱንም ቦቱንም አንድ ቁጥር ከፍ አድርጌ ነው የምገዛው። ልጅ ያድጋል፤ ገንዘቡም በላብ የሚመጣ ነው። ለጃኬት በደንብ ይሠራል። ለሆኪ በረኛ የደረት መከላከያ ግን አይሠራም። እኔ ይህን የተማርኩት በልጄ ገላ ላይ ነው። ሌላ እናት ወይም አባት በዚያው መንገድ እንዳይማረው ብዬ ነው የምጽፈው።

ትልቋ ልጄ የበረዶ ሆኪ በረኛ ናት፤ በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ በዱላ የሚጫወቱት ነው። ሚኒሶታ ውስጥ ሆኪ ማለት አዲስ አበባ ውስጥ ኳስ ማለት ነው። ብርዱ ሲገባ የሰፈሩ መናፈሻ ውኃ ይረጭበትና በማግስቱ የበረዶ ሜዳ ይሆናል። ልጄ በ7 ዓመቷ ጀመረች። በዚያ ዕድሜ በረኝነት በተራ ነው፤ ክለቡ የሚያውሰውን ዕቃ አንዱ ሲያወልቅ ሌላው ይለብሳል። ሌሎቹ ልጆች ተራቸው ቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ። እሷ የመጀመሪያ ቀን ከሜዳ ስትወጣ "እማ፣ ነገም እኔ ልሁን?" አለችኝ። ፊቷ በላብ ርሶ ያበራ ነበር። ያን ፊት አልረሳውም።

8 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች የሚጫወቱበት ፓክ፣ ማለትም በኳስ ፋንታ በዱላ የሚመታው ጠፍጣፋ ክብ ጎማ፣ ሰማያዊና ቀላል ነው፤ 113 ግራም ገደማ። ከዚያ በኋላ ጥቁሩ ይመጣል። እሱ ከ156 እስከ 170 ግራም ይመዝናል። ወርዱ 7.6፣ ውፍረቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ድፍን ጎማ ነው። ክብደቱ የመካከለኛ ብርቱካን ያህል ነው፤ ብርቱካን ግን ሲመታ ይፈርጣል፣ ይሄ አይፈርጥም። መጀመሪያ ቤት ያመጣችው ቀን አንስቼ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረግኩት። እንደ ዘነዘና ነው የሚጮኸው። ይሄ ነው ልጄ ደረት ላይ የሚያርፈው ብዬ ዝም አልኩ።

በረኛ ከእግር እስከ ራሷ ትሸፈናለች፤ የእግር ፓድ፣ ሱሪ፣ ማስክ፣ የመቅለቢያ ጓንት፣ ብሎከር የሚባለው የዱላ እጅ ጓንት። ዛሬ የማወራው ግን ስለ አንዱ ብቻ ነው። ሱቁ ቼስት ፕሮቴክተር ይለዋል፤ ልጆቹ አሳጥረው "ቼስቲ" ይሉታል። ደረትን፣ ሆድንና ጎንን ይሸፍናል፤ እጅጌው ከትከሻ እስከ አንጓ ይወርዳል። ከሩቅ ሲያዩት የድሮ ጦረኛ ጥሩር ይመስላል። ቀርበው ሲዳስሱት ግን አንድ ወጥ ነገር አይደለም፤ ብዙ ቁራጭ ነው። ከላይ ጠጣር ስፖንጅ፣ ከሥር ለስላሳ ስፖንጅ አለው። በሚያሰጉት ቦታዎች ላይ፣ ማለትም በደረት መሐል፣ በትከሻና በክርን ላይ ፕላስቲክ ይገባበታል። ቁራጮቹ በጨርቅና በላስቲክ ተያይዘዋል፤ አለበለዚያ ልጅቷ እጇን ማንሳት አትችልም ነበር።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚከላከለው ቁራጩ ነው፤ አደጋው ያለው በቁራጮቹ መካከል ነው። ልኳ ከሆነ እያንዳንዱ ቁራጭ ከአጥንቷ በላይ ይቀመጣል፣ ክፍተቱ ደግሞ ብዙም በማይመታው እጥፋት ላይ ይውላል። ልኳ ካልሆነ ቁራጩ ወደ ሥጋው፣ ክፍተቱ ወደ አጥንቱ ይዞራል። ያን ጊዜ መከላከያው ውድ ሆነ ርካሽ፣ ወፍራም ሆነ ስስ፣ ለውጥ የለውም።

እኔ ይህን አላውቅም ነበር። በ2023 መስከረም ላይ ልጄ 10 ዓመቷ ነበር። ክለቡ ዕቃ የሚያውሰው ለትንንሾቹ ስለነበር የራሷን መግዛት ግድ ሆነ። አዲስ የልጅ ቼስቲ ውድ ነው፤ የአዋቂ ጥሩው ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ያገለገለ ወደሚሸጥበት አንድ ሱቅ ሄድን። ልጄ በቲሸርት ላይ ለበሰችው፤ ቀጥ ብላ ቆማ እጆቿን ዘረጋች። እጅጌው እስከ ጣቶቿ መጋጠሚያ ደረሰ። "አልበዛም?" ብዬ ሻጩን ጠየቅኩት። "ግድ የለም፣ ታድግበታለች" አለኝ። በእንግሊዝኛ ነው ያለው፤ ለኔ ግን የእናቴ ድምፅ ሆኖ ነው የተሰማኝ። ከፍዬ ወጣሁ።

ኅዳር ላይ፣ ልምምድ ላይ ነው የሆነው። ሆኪ በረኛ ዝቅተኛ ምት ሲመጣ በሁለት ጉልበቷ ዱብ ትልና ከጉልበት በታች ያለውን እግሯን ወደ ግራና ቀኝ ትዘረጋለች። ቢራቢሮ ይሉታል፤ ክንፍ ስለሚመስል። ልጄ ዱብ ስትል የቼስቲው ታች ሱሪው ላይ ተደገፈ። ከታች መሄጃ ሲያጣ ሙሉው ወደ ላይ ተገፋ። አንገትጌው አገጯን መታው፤ ማስኩ ወደ ላይ ቀና አለ። ለአንድ አፍታ ጣሪያውን እንጂ ሜዳውን አላየችም። የትከሻው ክዳን ደግሞ ወደ ውጭ ተንሸራቶ ነበር። ፓኩ የመጣው በዚያች አፍታ ነው። አንገትና ትከሻ በሚገናኙበት አጥንት ላይ አረፈ።

ሜዳ ላይ አላለቀሰችም። ቤት ገብታ ልብሷን ስታወልቅ አየሁት። የቡና ስኒ አፍ የሚያህል ክብ፤ ዳር ዳሩ ቀልቷል፣ መሐሉ በልዟል። እኔ ነርስ ነኝ። የሌላ ሰው ልጅ ስይዝ እጄ አይንቀጠቀጥም፤ የራሴን ስይዝ ግን ተንቀጠቀጠ። አጥንቱን በቀስታ ዳሰስኩት፣ እጇን አስነሳኋት፣ በረዶ በፎጣ ጠቅልዬ ያዝኩላት። አልተሰበረም። ከተኛች በኋላ ኩሽና ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በለዙ በሁለት ሳምንት ጠፋ። ሌላው ነገር ግን አልጠፋም። ልጄ ምት ሲመጣ ትከሻዋን መስበቅ ጀመረች። ገና ፓኩ ከዱላው ሳይለቅ ዓይኗን ትጨፍናለች። መኝታ ክፍሏ ግድግዳ ላይ የማዲ ሩኒ ፎቶ ተለጥፏል። ሩኒ የአንዶቨር፣ ሚኒሶታ ልጅ ናት። በ2018 ፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ፣ በ20 ዓመቷ፣ ፍጻሜው ከካናዳ ጋር ወደ መለያ ምት ሄዶ አሜሪካ 3 ለ 2 ስታሸንፍ በሩ ላይ የቆመችው እሷ ነበረች። ልጄ ያን ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንዳየችው አልቆጥረውም። አንድ ማታ አጥፍታው "እማ፣ እሷ ዓይኗን አትጨፍንም" አለችኝ። ምን እንደምመልስላት አጣሁ።

ያ ሰሞን ለሚኒሶታ ሆኪ ቤተሰብ ሁሉ ከባድ ነበር። ጥቅምት 28 ቀን 2023 እንግሊዝ አገር፣ ሸፊልድ ውስጥ፣ አዳም ጆንሰን የሚባል ተጫዋች በጨዋታ መሐል የሌላ ተጫዋች የመንሸራተቻ ጫማ ስለት አንገቱን ቆርጦት ሞተ። የሂቢንግ ልጅ ነበር፤ ከእኛ በስተሰሜን ያለች ከተማ ናት። በየሪንኩ፣ ማለትም በየበረዶ ሜዳው፣ ወላጆች የሚያወሩት ስለሱ ነበር። እኛም የአንገት መከላከያ ገዛን። ከነሐሴ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ደግሞ የአሜሪካ ሆኪ ማኅበር ለልጆች ግዴታ አድርጎታል። እዚህ ላይ ለበረኛ ወላጆች አንድ ነገር ልጨምር። የአንገት መከላከያው ውፍረት አለው፤ የቼስቲውን አንገትጌ ከፍ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ መለካት ዋጋ የለውም።

ስለ ልብም ልናገር፤ ሙያዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልችልም። ደረት ላይ ያረፈ ምት የልብ ምት ዑደት ውስጥ ባለች አንዲት ቅጽበት ላይ ከገጠመ፣ የጎን አጥንት እንኳ ሳይሰበር፣ ልብ ሥርዓቷን ስታ መርገብገብ ትጀምራለች። ሕክምናው ኮሞሺዮ ኮርዲስ ይለዋል። በግንቦት 1998 የሴንት ሉዊስ ተከላካይ ክሪስ ፕሮንገር ፓክ ደረቱን መትቶት ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ተርፎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ተመለሰ። በጥር 2023 በአሜሪካን ፉትቦል ዴማር ሃምሊን ሲወድቅ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን አይቶታል። ይህ በጣም ጥቂት ጊዜ የሚያጋጥም ነገር ነው። ግን የትኛውም የደረት መከላከያ "ፈጽሞ አይደርስም" ሊላችሁ አይችልም። ሲደርስ የሚያድነው ወዲያው ደረት መጫንና ልብን በኤሌክትሪክ ወደ ሥርዓቷ የሚመልሰው መሣሪያ፣ ዲፊብሪሌተር ነው። ወደማናውቀው ሪንክ ስንገባ መጀመሪያ የማየው ዲፊብሪሌተሩ የተሰቀለበትን ግድግዳ ነው። እናንተም እዩት።

ታኅሣሥ ላይ ሌላ ሱቅ ሄድን። ስደውል አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው ያነሱት። "ሙሉ ዕቃዋን ይዛ ትምጣ" አሉኝ። ሱሪውን፣ ማስኩን፣ የአንገቱን፣ ሁለቱንም ጓንት ተሸክመን ገባን። ሜትሩን ሰጡኝና የደረቷን ዙሪያ በብብቷ ሥር ለካሁ። ቁጥሩን ሲሰሙ ሦስት ቼስቲ አወረዱ። ሦስቱም ላይ የተጻፈው መጠን አንድ ነበር፤ ለብሳ ስናያቸው ግን ሦስቱም የተለያዩ ነበሩ። መለያው ላይ ያለው ቃል መነሻ ብቻ ነው።

ሁሉንም አስለበሷትና የመጀመሪያው ቃላቸው "ተንበርከኪ" የሚል ነበር።

እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ቆማ ነበር የምለካት። በረኛ ግን ጨዋታዋን የምትጨርሰው ቁጭ ብድግ ስትል ነው። ተንበረከከች። አንደኛው ወደ አገጯ ወጣ፤ ወዲያው አስወለቋት። ሁለተኛው ከቦታው አልተነቃነቀም፣ ግን ሆዷ ላይ አጠረ። ወደ ፊት ስታጎነብስ በሱሪውና በቼስቲው መካከል ቲሸርቷ ታየ። ሦስተኛው ታቹ ሱሪው ውስጥ ጥቂት ገብቶ ቀረ፤ ስትነሳም ስትንበረከክም አብሯት ወረደ፣ አብሯት ወጣ።

ከዚያ እጇን አዩ። እጅጌው አንጓዋ አጥንት ላይ ማለቅ አለበት፤ የጓንቱ አፍ በላዩ ላይ ትንሽ ይደርብበታል። የእኛ አሮጌው በጣም ረዝሞ ጓንቱ ውስጥ ይገባ ነበር ለካ። ለዚህ ነበር መቅለቢያው አልዘጋ እያላት ፓኩ የሚወድቅባት፤ እኔ ደግሞ ጣቶቿ ደክመው ነበር የሚመስለኝ። ክርኗን አጠፈች፤ የክርኑ ክዳን መሐል ከአጥንቱ ጫፍ ጋር ገጠመ። ሁለቱን እጆቿን አጣምራ ተቃራኒ ትከሻዎቿን እንድትነካ ጠየቋት፤ ነካች። እጆቿን ስታነሳ ብብቷ ሥር ያለውን ክፍተት ዓይተው የጎኑን ማሰሪያ አጠበቁ። በመጨረሻ ክርኖቿን ወደ ጎኗ እንድትሰበስብ አደረጉና እጃቸውን በክርኗና በጎኗ መካከል ሊያሾልኩ ሞከሩ። አልገባም። "ፓክም አይገባም" አሉ።

አንድ ጥያቄ ጠይቄያቸው ነበር። ትልቅ ቢሆን ብዙ ጎል አይሸፍንም ወይ አልኳቸው። ቴሌቪዥን ላይ ትከሻቸው ግድግዳ የሚያህል በረኞች አይቻለሁና። እሳቸው እንዳስረዱኝ፣ ዋናው የባለሙያዎች ሊግ ራሱ ከ2018-19 የውድድር ዘመን ጀምሮ የደረት መከላከያው የሰውነታቸውን ቅርጽ እንዲከተል አስገድዷቸዋል። በዚያ ዓመት በለዝ በዛብን ብለው ያማረሩ በረኞች ነበሩ። "ትልልቆቹ ይከራከሩበት" አሉኝ። "ልጅ ግን የምታቆመው በደረሰችበት ቦታ ነው እንጂ በለበሰችው ስፋት አይደለም። ካልተንቀሳቀሰች አትደርስም።"

ሌላም ምርጫ አለ። አንዳንዱ ቼስቲ ደረቱ ጠጣር ነው፤ ፓኩ ነጥሮ ይርቃል። አንዳንዱ ለስላሳ ነው፤ ፓኩ ጉልበቱን ያጣና ፊት ለፊቷ ጠብ ይላል፣ እሷም በጓንቷ ትከድነዋለች። ልጄ ለስላሳውን ወደደች። ምርጫው የሷ ነው፤ ለባሿ እሷ ናት። ከለበሰቻቸው መካከል አንዱም የሴት ልጅ ደረት ታስቦበት የተሠራ አልነበረም፤ ይሄ ያሳዝነኛል። በየሪንኩ ስንት ሴት ልጆች ይጫወታሉ።

ያን ዕለት ከከፈልኩት ዋጋ በላይ የማስታውሰው ሰውየው ሲሸኙን ያሉትን ነው። "ሥራው ገና አልተጀመረም። ለጨዋታ እንዳታስገቢያት። ቤት ውስጥ ትልበሰው።"

አዲስ ቼስቲ ግትር ነው። ስፖንጁ ልጅቷን አያውቃትም። የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ሱቅ ውስጥ በምድጃ ይሞቅና እግር ላይ ይቀረጻል። ያንን ያየ አንዳንድ ሰው ቼስቲውንም እንዲሁ ሊያደርገው ይሞክራል። አታድርጉት። ሙጫው ይለቃል፣ ስፖንጁ አቅሙን ያጣል። ቼስቲን የሚያለሰልሰው የለባሹ የገላ ሙቀትና እንቅስቃሴ ነው። ሌላ አቋራጭ የለውም።

ስለዚህ በየማታው ግማሽ ሰዓት መልበስ ጀመረች። ለብሳ እራት በላች። ለብሳ ዕቃ አጠበች፤ እጅጌው እንዳይርስ ፌስታል አሰርንበት። ለብሳ ሳሎን መሐል ቆማ፣ ጉልበቷን ሰብራ፣ እጆቿን ዘርግታ ቴሌቪዥን አየች። በየማታው አንድ ማሰሪያ ብቻ እናስተካክላለን። ይሄ ዋና ነገር ነው፤ ሦስቱን ባንዴ ከነካችሁ የትኛው እንደጠቀመ የትኛው እንደጎዳ አታውቁም። የትከሻውን አሳጠርን፣ በማግስቱ የጀርባውን ላስቲክ አላላን፣ በሦስተኛው ቀን የክንዱን ቬልክሮ ነካን። ልክ ሲመጣ ቬልክሮው የሚያርፍበትን ቦታ በነጭ ቀለም አሰመርኩበት። ልምምድ ላይ ሌላ ሰው ቢያለብሳት እንዳይሳሳት።

እናቴ በዚያ ሰሞን ከደብረ ብርሃን መጥታ እኛ ጋ ነበረች። የመጀመሪያ ቀን ልጄን በዚያ ሁኔታ ስታያት ጀበናውን እንደያዘች ቆመች። "ምን ልትሆን ነው እንዲህ የታጠቀችው?" አለች። ልጄ ባላት አማርኛ ሁሉንም አስረዳቻት፤ ዱላውን፣ ፓኩን፣ በሩን። እናቴ ስታዳምጥ ቆየችና "ይሄማ ገና ነው" አለች።

እውነቷን ነው። በቆልማማ ዱላ እሩር የሚለጋበት የእኛው ገና፣ ሜዳ ለሜዳ የሚያሯሩጠው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚባልበት ምክንያት አለው፤ ሰው ይመታል፣ ይደማል፣ ቂም አይያዝም። የእናቴ አባት ቅልጥሙ ላይ እስከ ዕለተ ሞቱ የሚታይ ጠባሳ ነበረው፤ ከገና ሜዳ ያመጣው። ያኔ ቅልጥም የሚሸፍን ምንም ነገር አልነበረም። እናቴ የልጄን ደረት በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ ኳ አደረገችው። "አባቴ ይሄን ቢያገኝ!" አለች።

አንድ ማታ የክርኑን ገመድ ሳስር አጠገባችን ነበረች። ልጄ እጇን ዘርግታ ቆማለች፣ እኔ እጎትታለሁ። "እጇን አጥፊያት" አለችኝ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ስትሰፋ ነው የኖረችው። "እጅጌ ተዘርግቶ አይለካም። ክርን ሲታጠፍ ልብስ ይበላል።" ገመዱን ፈታሁት። ልጄ ክርኗን አጠፈች። እንደገና አሰርኩት፣ ከቀድሞው አንድ ጣት ያህል ላላ ብሎ። ልጄ እጇን ዘርጋ እጥፍ፣ ዘርጋ እጥፍ አደረገች። ከዚያ ፈገግ አለች። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያላገኘነውን በአንድ ደቂቃ አገኘነው።

ያን ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ጠየቅኳት። "እማዬ፣ ልክ እንዲህ የምታውቂ ሰው፣ ጫማዬን ለምን ሁልጊዜ አስተልቀሽ ትገዢልኝ ነበር?"

ስኒዎቹን እያደረቀች ነበር። ቀና አላለችም። "ልክሽን ብገዛልሽ በዓመቱ ባዶ እግርሽን ትሄጂ ነበራ" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ልክ መግዛት አቅም ይጠይቃል ልጄ" አለችኝ።

ምንም አልተናገርኩም። ተነስቼ አብሬያት ስኒ አደረቅኩ።

ወደ ቼስቲው ልመለስ። ከሳምንት በኋላ ጋራዥ ውስጥ የቴኒስ ኳስ እየወረወርኩላት ደረቷ ላይ ተቀበለች። መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ ጠንከር አድርጌ። ኳሱ ሲመጣ ትከሻዋን እንዳትሰብቅ፣ ይልቁንም ደረቷን ወደ ኳሱ እንድትሰጥ ነው የምንለማመደው። ሳንባዋን ባዶ አድርጋ ትቀበለዋለች፤ አሠልጣኟ ያስተማራት ነው። ትንፋሽ ስታስወጣ ደረት ይለሰልሳል፣ ኳሱም ሳይነጥር ይወድቃል። አሥር ያዘች፣ ሃያ ያዘች። ሃያ አንደኛው ላይ ዓይኗን አየሁ። ክፍት ነበር።

የገና ዕለት ዶሮው ከተበላ በኋላ ለብሳው ከእናቴ ጎን ተቀመጠች። እኛ አውልቂ አላልናትም፣ እሷም አላሰበችውም። ሶፋው ላይ ተደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት። ባለቤቴ "እንቀስቅሳት?" አለ። እናቴ ጋቢዋን በላዩ ላይ ጣል አደረገችላትና "ተዋት፣ ለምዳዋለች" አለችው።

ልምምድ ላይ አምስት ስድስት ጊዜ ከለበሰችው በኋላ ነው ጨዋታ የገባችበት። የዚያን ቀን ውጤት አሁን ትዝ አይለኝም። ትዝ የሚለኝ ድምፁ ነው። በአሮጌው ቼስቲ ላይ ፓክ ሲያርፍባት "ጧ" ይል ነበር፤ ባዶ ሣጥን የተመታ ይመስል። በዚህኛው "ጡብ" አለ፤ ትራስ እንደ መምታት። ፓኩ እግሯ ሥር ወደቀ። እሷ ጓንቷን ጣል አደረገችበት። ከዚያ ማስኩን ከፍ አድርጋ ውኃ ጠጣች።

ከዚያ ወዲያ ያለው የዕለት ተዕለት እንክብካቤ ነው። ከጨዋታ መልስ መኪና ውስጥ አናሳድረውም፤ የሚኒሶታ ብርድ ስፖንጁን ያደርቀውና ጠዋት እንደ እንጨት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ቤት ገብቶ ይሰቀላል፣ ቬንቲሌተር ይበራለታል። ማሞቂያ ላይ አይደረግም። በየወሩ ስፌቱን አያለሁ፣ ስፖንጁን በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ፤ ተጭኖ ካልተመለሰ ዕድሜው አልቋል። እንደገና ደግሞ አንበረክካታለሁ። ልጅ በሦስት ወር ትለወጣለች።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ሳንበረክካት እጅጌው ከአንጓዋ ሁለት ጣት አጠረ። ሆዷ ላይም ቲሸርቷ ታየ። 12 ዓመቷ ነው፤ በአንድ በጋ ከትከሻዬ በላይ ሆናለች። ስፖንጁ ገና ደህና ነበር። ነጩ መስመር ቬልክሮው ላይ እስካሁን ይታያል።

የክለባችን ወላጆች የሚዋዋሱበት መጋዘን አለን፤ ልጁ ያደገበት ያስቀምጣል፣ የጎደለው ይወስዳል። ቼስቲውን ይዤ ስሄድ አንዲት እናት ከ9 ዓመት ልጇ ጋር መደርደሪያውን ታያለች። ሴትየዋን አላውቃትም፤ ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣችው። አንድ ትልቅ ቼስቲ አንስታ ልጅቷ ላይ ታለካለች። እጅጌው ጣቶቿን ውጧል። እናትየዋ ዘወር ብላ አየችኝና "ትንሽ ይበዛል፣ ግን አንድ ሁለት ዓመት ይሄድላታል አይደል?" አለችኝ።

የልጄን ቼስቲ መሬት ላይ አስቀምጬ እኔም ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። "መጀመሪያ ይሄን እንሞክር" አልኳት። "የሚቀጥለው ዓመት ሲመጣ ሌላ እዚሁ ይኖራል።" ልጅቷን አለበስናት። የትከሻውን አሳጠርኩ፣ የጀርባውን ሳብኩ። ከዚያ ክርኗን አጥፌ ገመዱን አሰርኩላት።

"በይ አሁን ተንበርከኪ" አልኳት።